ስድሳ አንደኛው ቀን

ኤርሲዶ በየወሩ የመጀመሪያው ሰኞ፣ ከጤና ጣቢያው ሥራውን ጨርሶ ሲወጣ፣ ወደ ጠረጴዛዬ ይመጣ ነበር። እኔ ያኔ ጅማ ፖስታ ቤት ፊት ለፊት ባለች የቆርቆሮ ጥላ ሥር ተቀምጬ ማመልከቻም ደብዳቤም እጽፋለሁ። ለባለጉዳይ የምትሆን አንዲት ዱካ አለችኝ። እሷ ላይ ይቀመጥና ከደረት ኪሱ የታሸገ ፖስታ ያወጣል። እኔም ተቀብዬ የጽሕፈት መኪናዬ ውስጥ አስገባና አድራሻውን በላቲን ፊደል እመታለታለሁ፤ ሃይፎንግ፣ ቬትናም። "እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ ጀማለዲን" ይለኛል፤ ግን አይነሳም። መንገዱን እያየ ግማሽ ሰዓት ያህል ይቀመጣል። እኔ አፌ የማያርፍ ሰው ነኝ፤ እሱ ፊት ግን ዝም እላለሁ። ዝም የምለው ስለማፍር ነው፤ የማፍርበትንም ምክንያት ሁለታችንም እናውቀዋለን።

በዚያ ሁሉ ፖስታ ውስጥ ያለው አንድ ጥያቄ ነው። የሚጽፈው ቱአን ለሚባል ቬትናማዊ ሲሆን ጥያቄውም "በስድሳ አንደኛው ቀን ምን ሳደርግ ነበር?" የሚል ነው። ይህን ሊመልስለት የሚችል ሰው በዓለም ላይ ቱአን ብቻ ነው። ቱአን ደግሞ በኤርሲዶ ከተቀየመ ቆይቷል። ነገሩ እንዲገባችሁ ከኤርሲዶ እናት ልጀምር።

እትዬ ተስፋነሽ ከከምባታ ለቡና ለቀማ መጥተው ሸቤ የቀሩ ሴት ነበሩ። ባላቸው ቀደም ብለው ስለሞቱ ኤርሲዶንና እህቱን አልማዝን ብቻቸውን ነው ያሳደጉት። ጴንጤ ናቸው፤ ጸሎት ቤታቸው ከታሸገ ወዲህ በየቤቱ እየተሰበሰቡ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነበር የሚጸልዩት። ልጃቸው በሰባ ሁለት ዓመተ ምህረት የላቦራቶሪ ሙያ ሊማር ሞስኮ ሲሄድ፣ እሳቸው መጻፍ ስለማይችሉ በወር አንድ ቀን ከሸቤ በአውቶቡስ እየመጡ እኔን ያስጽፉኝ ጀመር። እኔ እስላም፣ እሳቸው ጴንጤ፤ ሁለታችንንም ካድሬዎቹ ብዙ ስለማይወዱን ይሁን እንጃ፣ ቶሎ ተግባባን።

የሚነግሩኝ ነገር ያው ነበር፤ ላሟ ወለደች፣ ዝናቡ ዘገየ፣ ቡናው ዘንድሮ ፍሬ አልያዘም። መጨረሻ ላይ ግን ሁልጊዜ ጣታቸውን ወረቀቱ ላይ ያሳርፉና "ምግብህን ብቻህን አትብላ በልልኝ" ይሉኛል። አንድ ቀን ደክሞኝ ሳልጽፈው አለፍኩ። ፊደል የማይለዩት ሴትዮ ወረቀቱን ተቀብለው አገላብጠው አዩና "የምግቡን አልጻፍከውም" አሉኝ። እንዴት እንዳወቁ እስካሁን አልገባኝም።

በሰባ ስድስት ኅዳር ላይ ከልጃቸው አንድ እንግዳ ደብዳቤ መጣ። "ለአራት ወር ደብዳቤ አልጽፍምና እንዳታስቢ። ከአራት የሌላ አገር ሰዎች ጋር መስኮት በሌለው የብረት ቤት ውስጥ ሊዘጉብን ነው። ወደ ጠፈር የሚሄዱ ሰዎች እንዴት አብረው እንደሚኖሩ ለማጥናት ነው" ይላል። እኔም እንደወረደ አነበብኩላቸው። ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አድርገው፣ ምን አጥፍቶ ነው ብለው ጠየቁኝ። ጥናት ነው፣ ወድዶ ነው የገባው ብል ማን ይስማኝ። ሦስት ጊዜ አነበብኩላቸው። ወድዶ ብረት ቤት የሚገባ ልጅ አልወለድኩም አሉ። ፈርጄባቸው አላውቅም፤ ያን ጊዜ ተዘጋበት የተባለ ሰው የሚሄድበትን ቦታ ሁላችንም እናውቀው ነበር። ልጃቸው ስለ እምነቱ እንደታሰረ ደምድመው፣ እያለቀሱም እየኮሩም ወደ ሸቤ ተመለሱ። ከሄዱ በኋላ አብሬያቸው እስከ መናኸሪያው ሄጄ ባስረዳኋቸው ኖሮ እያልኩ ተብሰከሰክሁ። ግን አልሄድኩም።

የብረት ቤቱን ነገር እኔ ከፊሉን ከደብዳቤ አውቄዋለሁ፤ የቀረውን የሰማሁት በኋላ፣ በዚያች ዱካ ላይ፣ ዛሬ ትንሽ ነገ ትንሽ እየተባለ ነው። አምስት ሰዎች ነበሩ፤ አለቃቸው ሩሲያዊ፣ አንድ ኩባዊ፣ አንድ ቡልጋሪያዊ፣ ቱአንና የኛው ኤርሲዶ። መቶ ሃያ ቀን። በዚያ ዘመን ሶቪየቶች ከወንድማማች አገሮች እንግዳ እየወሰዱ ወደ ጠፈር ይወጡ ስለነበር፣ ቋንቋውም ጠባዩም ምግቡም የተለያየ ሰው ጠባብ ቦታ ሲዘጋበት ምን እንደሚሆን ሐኪሞቹ በምድር ላይ ማየት ፈለጉ። ከውጭ በካሜራ ያዩዋቸዋል፤ የሚያገናኛቸው አንድ ስልክ ብቻ ነው፤ እሱንም በየተራ ይጠብቁታል።

የመጀመሪያው ችግር የመጣው በምግብ ነው። እያንዳንዱ ሰው የራሱ ቁጥር የተጻፈበት የቆርቆሮ ምግብ አለው። ከመብላቱ በፊትም ከበላ በኋላም ይመዘናል፤ የሚበላበት ሰዓትም የራሱ ነው። ኤርሲዶ ደግሞ ሰው አጠገቡ እያለ እንብላ ሳይል ቆርቆሮ መክፈት አቃተው። ሩሲያዊው "ቁጥሬን ታበላሽብኛለህ" ብሎ ፊቱን አዞረ። ኩባዊው ሁለት ቀን አብሮት በላና ሰለቸው። ቱአን ብቻ ገባው፤ በእነሱም ቤት ሩዝ ከአንድ ድስት ነው የሚወጣው። ሁለቱ አንዱን ቆርቆሮ ለሁለት፣ ቀጥሎም ሌላውን ለሁለት እያደረጉ መብላት ጀመሩ። አለቃው ለሐኪሞቹ ከሰሳቸው፤ ሐኪሞቹም ይህንንም መዝግቡት አሉና ነገሩ በዚያው ቀረ።

በሁለተኛው ሳምንት ኩባዊውና ቡልጋሪያዊው ተጣሉ። ኩባዊው ትከሻ ሳይነካ ማውራት አይችልም፤ ቡልጋሪያዊው ደግሞ የሰው እጅ ሲነካው ይዘገንነዋል። አንድ ቀን ሲጎነታተሉ ኩባያ ተሰበረ፤ ከዚያ በኋላ ጀርባ ለጀርባ እየተቀመጡ ይበሉ ጀመር። ኤርሲዶ ምን ያድርግ፣ አገሩ ያስተማረችውን አደረገ። ሁለቱን አስቀምጦ፣ ቱአንን ከጎኑ ሽማግሌ አድርጎ፣ ጥፋቱን ከሁለቱም አፍ ሰምቶ፣ ታናሹ ለታላቁ እንዲነሳለት አድርጎ አስታረቃቸው። መጀመሪያ ሳቁበት፤ በኋላ ግን ታረቁ። ሐኪሞቹ በስልክ አመሰገኑት። ያቺ ምስጋና ናት ያሳሳተችው እላለሁ እኔ፤ የጅማ ነገር ሁሉ እዚያም ይሠራል ብሎ አመነ።

በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ስልኩን የሚጠብቀው እሱ ነበር። አንዲት ሐኪም ደወለችና የቱአን አባት መሞቱን ነገረችው። ብረት ቤቱ ውስጥ ላለ ሰው ክፉ ወሬ አለመንገር ልማዳቸው ነው፤ ይህን ግን እነሱም ተከራክረውበት ነበር መሰለኝ፣ አንተ ለሱ ቅርብ ነህ፣ ምን ትላለህ ብላ ጠየቀችው። ኤርሲዶ አላመነታም። በሰው አገር፣ ዘመድ በሌለበት፣ በር ተዘግቶበት ያለ ሰው እንዴት መርዶ ይነገረዋል? እኛ ዘንድ እስኪመለስ ይጠበቃል፤ ገና ሳይነጋ ሰው ተሰብስቦ ይመጣል፤ ከበውት ይነግሩታል። "አይነገረው። ስንወጣ እኔ ራሴ አረዳዋለሁ" አላት።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ለቱአን ደግነቱ በረታ። እኛ ይህን ደግነት እናውቀዋለን፤ ጎረቤት ያለወትሮው ሲያባብለን ልባችን ይደነግጣል። ቱአን ግን የዚህ አገር ሰው አይደለም። ኤርሲዶ ጥሩ ሰው ነው ብሎ ብቻ አሰበ፤ ማታ ማታም ቀኑን በቁጥር እየጠራ፣ የሆነውን ሁሉ በደብተሩ ይጽፍ ነበር።

ከብረት ቤቱ በወጡ ማግስት፣ ጎሕ ሲቀድ፣ ኤርሲዶ ኩባዊውንና ቡልጋሪያዊውን ቀስቅሶ የቱአንን አልጋ ከበቡ። አረዳው። ቱአን አላለቀሰም። በስንተኛው ቀን ብሎ ብቻ ጠየቀ፤ አሥራ ዘጠነኛ ሲባል ጣቱን ዘርግቶ ይቆጥር ጀመር። በእነሱ ባህል ልጅ ከአባቱ ሞት ጀምሮ ቀን ይቆጥራል። በአርባ ዘጠነኛው ቀን ነጭ ጨርቅ በግንባሩ አስሮ ለአባቱ ምግብ ያቀርባል፤ በመቶኛውም እንደዚያው። አርባ ዘጠነኛው የኩባዊው ልደት የተከበረበት ቀን ነበር። ቱአን በዚያ ቀን ዘፍኗል፤ ኤርሲዶም አጨብጭቦለታል። መቶኛው ሊወጡ ሁለት ቀን ሲቀራቸው አልፏል።

"በአባቴ ቀን ዘፈንኩ፤ አንተ ታውቅ ነበር" አለው ቱአን። ከዚያ ወዲያ አላናገረውም።

አሁን ወደ እኔ ጥፋት ልምጣ። ኤርሲዶ ነገሩ ከበደውና ለእናቱ ረጅም ደብዳቤ ጻፈ። የሆነውን ሁሉ ተርኮ ሲያበቃ "ልክ ሠርቻለሁ ወይ? ቱአን ትምህርቱን ጨርሶ ክረምት ላይ ወደ አገሩ ሊገባ ነው። ሄጄ እግሩ ላይ ልውደቅ ወይስ ልተወው? አንቺ ያልሺኝን አደርጋለሁ" አላት። ደብዳቤው ሚያዝያ ላይ ጅማ ደረሰ። እትዬ ተስፋነሽ የሉም፤ ጥር ሃያ ቀን፣ ሦስት ቀን ብቻ ታመው፣ ልጄን ፍቱልኝ እያሉ አርፈዋል።

ወሬውን የነገረችኝ አልማዝ ናት። ጥር መጨረሻ ላይ ጥቁር ለብሳ መጥታ እዚያች ዱካ ላይ ተቀመጠች። "ማሎ፣ እባክዎ ጋሼ ጀማለዲን፣ ትምህርቱን ጥሎ ይመጣል፤ እሷ ያለች አስመስለው ይጻፉልን" አለችኝ። ኢና ሊላሂ ብዬ ተቀበልኩ። ማንም ቢሆን የሚያደርገው ነው፤ በዚያ አላፍርም። የማፍረው በሚያዝያው መልስ ነው። አልማዝን እንኳ ሳላማክር፣ እንደ እናት ሆኜ፣ ባማረው የእጅ ጽሑፌ፣ "ልጄ፣ ደግ አድርገሃል። ሰውዬው ሲረጋጋ ራሱ ይገባዋል፤ አትሂድበት፣ ተወው" ብዬ ጻፍኩለት። ላሟም እንደወለደች ጨመርኩበት። በዚያ ቀን በጽሑፌ ተደስቼ ነው ቤቴ የገባሁት። ኤርሲዶም እናቱን ሰምቶ ቱአንን ተወው። ቱአን ሳይሰናበተው ወደ አገሩ ሄደ።

እኔ በሙት አፍ ከሁለት ዓመት በላይ ጻፍኩ። የምግቡን ነገር አንድም ጊዜ አልረሳሁም።

በሰባ ስምንት ነሐሴ ኤርሲዶ ተመለሰ። መናኸሪያው ላይ ብዙ ሰው ተቀበለው፤ ደክሞሃል፣ መንገዱ ጭቃ ነው፣ ሸቤ ነገ ትሄዳለህ ብለው እዚያው ጅማ መርካቶ አንድ ዘመድ ቤት አሳደሩት። ጎሕ ሲቀድ ገባን። እኔንም ጠርተውኝ ነበር። አልጋው ጫፍ ላይ ለብሶ ተቀምጦ አገኘነው፤ ደግነታችን ነግሮታል። ማንም አፉን ሳይከፍት "መቼ?" አለ።

አልማዝ እያለቀሰች ቀኑን ነገረችው። ቱአን በሞስኮ እንዳደረገው ጣቱን ዘርግቶ መቁጠር ጀመረ። ሰዉ አእምሮውን ስቶ መስሎት ደነገጠ። "ስድሳ አንደኛው ቀን" አለ ሲጨርስ፤ ከእኔ በቀር የገባው አልነበረም። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። ሁሉም ደብዳቤ በእኔ እጅ የተጻፈ መሆኑን ከድሮም ያውቃል፤ የትኛው የእናቱ ቃል፣ የትኛው የእኔ እንደሆነ ደግሞ አሁን ቀኑ ለየለት። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሸቤ ሄዶ መቃብሩን አይቶ ተመለሰና ጅማ አወቱ መንደራ ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራየ። ሥራውን አክባሪ፣ ሰው የማያስቀይም፣ ግን ከማንም ጋር የማይገጥም ሆነ። አከራዩ እንደነገሩኝ ምሳውን ሲበላ በሩን ወለል አድርጎ ከፍቶ ነው። ሰው በመንገድ ሲያልፍ እንብላ ይላል። ሰዉ ግን "ሞስኮው" እያለ ስለሚፈራው፣ ይባረክ ብሎ ያልፋል።

አንድ ጊዜ የቀበሌው ውይይት ክበብ ስለ ብረት ቤቱ እንዲናገር ጠራው። ሊቀመንበሩ ስለ ሕዝቦች ወንድማማችነት አንድ ሰዓት ያህል እንዲያብራራ ነግረውታል። እኔም ሄጄ ነበር፤ መቅረት ያስቀጣል። ኤርሲዶ ተነሳና "አምስት ነበርን። መልካም ሰዎች ነበሩ። አንዱን በደልኩት" ብሎ ተቀመጠ። ሊቀመንበሩ የቀረውን ሰዓት ራሳቸው ሞሉት።

ለቱአን መጻፍ የጀመረው በሰባ ዘጠኝ መስከረም ነው። መጀመሪያ ይቅርታ ጠየቀ። ቀጥሎ የእናቱን ነገር ጻፈለት፤ አሁን እኔም እንዳንተ ቀን የምቆጥር ሆኛለሁ አለው። መስኮት በሌለው ቤት ውስጥ ቀን ከቀን አይለይምና እናቱ የሞቱበትን ቀን ቢያስብ ቢያስብ ሊመጣለት አልቻለም። ስቆ ይሆን? ተኝቶ ይሆን? ተኮራርፎ ይሆን? የቱአን ደብተር ብቻ ያውቃል። "ዘፍኜም ከሆነ ልወቀው" ብሎ እንደጻፈለት ነግሮኛል። በየወሩ እየላከ ሃያ ወር ሞላው፤ መልስ የለም። የፖስታ ቤቱ ሰዎች ሳይቀሩ ያዝኑለት ጀመር።

መልሱ የመጣው በሰማንያ ሰኔ ነው። ዝናቡ ቆርቆሮዬን እየደበደበው ነበር። ኤርሲዶ ፖስታውን ከሸሚዙ ሥር ደብቆ መጣና ዱካዋ ላይ ተቀመጠ። እርሳስ የምቀርጽበትን ምላጭ ሰጠሁት። አንዲት ቅጠል ወረቀት ናት። ለብቻው ሁለት ጊዜ አነበባት፤ ከዚያ ከሩሲያኛው ወደ አማርኛ ቀስ እያለ መለሰልኝ።

"ደብዳቤዎችህ ደርሰውኛል። ስድሳ አንደኛው ቀን በደብተሬ እንዲህ ይላል። ዛሬ ስልኩን የሚጠብቀው ኤርሲዶ ነበር። አርፍጄ ስነቃ ምግቡን ለሁለት ከፍሎ፣ ድርሻዬን በሳህን ከድኖ ራስጌዬ አስቀምጦልኝ አገኘሁ። የራሱን ሳይነካ ሲጠብቀኝ ቆይቶ አብረን በላን። ለምን እንደዚህ ደግ እንደሆነ አልገባኝም። ደብተሬ የሚለው ይህን ነው። ያን ጊዜ አላመሰገንኩህም፤ ዛሬም አላመሰግንህም። ልጅ ማወቅ ስላለበት ነው የጻፍኩልህ። ቱአን።"

ወረቀቷን አጥፎ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። እንባው ይወርዳል፤ አልጠረገውም። እኔም የእትዬ ተስፋነሽ ጣት ወረቀቴ ላይ ሲያርፍ ታየኝ። እስከዚያች ቀን ያልተናገርኩትን ያኔ ተናገርኩ።

"ኤርሲዶ፣ 'ደግ አድርገሃል' ያልኩህ እኔ ነኝ። እናትህ አይደሉም" አልኩት።

"አውቃለሁ ጋሼ" አለኝ። "እሷ ብትሆን መጀመሪያ የምትጠይቀኝ የሰውዬውን ስም ነበር። 'የሞተው አባት ስማቸው ማን ነው?' ትለኝ ነበር። እኔ መቶ ቀን መርዶውን ይዤ ስዞር፣ ስማቸውን አልጠየቅኩም። ሳረዳውም አልጠየቅኩትም።"

ወረቀት ለመነኝ፤ ሰጠሁት። ጠረጴዛዬ ጠርዝ ላይ ጎንበስ ብሎ በሩሲያኛ አንዲት መስመር ብቻ ጻፈና አሽጎ አቀበለኝ። ፖስታውን መኪናው ውስጥ አስገባሁ። አድራሻውን ከየትም ማየት አላስፈለገኝም፤ በቃሌ መታሁለት።